ስለ ጨው የተቆጣሁበት ሐሙስ

ሐሙስ በሆስፒታላችን የልብ ሕሙማን ቀጠሮ ነው። ከአዘዞ፣ ከደምቢያ፣ ከወገራ የሚመጣው ታካሚ ገና ሳይነጋ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ይሰለፋል። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ሐሙስ ከደምቢያ የሚመላለሱ እናት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ያለፈው ቀጠሮ ላይ ያለ ደጋፊ ነበር የመጡት። ያን ዕለት ግን ከበሩ ወንበሩ ድረስ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። እግራቸው አብጦ ኮንጎ ጫማው አልዘጋላቸውም። ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቅ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«ሌሊት በስንት ትራስ ይተኛሉ?» አልኳቸው።

«ትራስ ምን ያደርግልኛል፤ ግድግዳ ተደግፌ ነው የማነጋው።»

ያኔ አፌ የለመደው ወጣ። «እማማ፣ ጨው ይቀንሱ ብዬ አልነበር? በርበሬው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፤ ስንቴ ልንገርዎት?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሰማ። ዛሬም ሳስበው የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና፣ «ልጄ፣ ጨው ከተውሁ ዓመት አለፈኝ» አሉ። «የኔ ሽሮ ለብቻው ነው የሚፈጨው፤ የቤቱ ሰው የኔን ወጥ አይቀምሰውም። ያለቀው መድኃኒቱ ነው፤ ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ አልዋጥሁም።»

ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው በላስቲክ የተጠቀለለ የጤና መድን ደብተር አወጡ። ውስጡ ያለው፣ ጤና ጣቢያው ወደ እኛ የሚልክበት የሪፈር ወረቀት ጊዜው አልፏል። ለካ በሰኔ መጥተው ነበር፤ እኛው ጋ ያለው የመድን መስኮት «አዲስ ሪፈር ያምጡ» ብሎ መለሳቸው። ጤና ጣቢያው ደግሞ ፈራሚው ሥልጠና ላይ ነውና ሰኞ ይመለሱ አላቸው። ሰኞም የለም። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ። በብር እንዳይገዙ ልጃቸው ለማዳበሪያ ተበድሯል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ ክልልም ጭምር ሲሞከር ጀምሮ ያየ ሰው አይጠላውም፤ ስንቱ ገበሬ በሬውን ከመሸጥ ድኗል። የእኚህ እናት ልብ ግን እንደ ወባ ታክሞ የሚያበቃ አይደለም። ልጅ ሳሉ ጉሮሯቸው እየቆሰለ እንጥል ተቆረጠላቸው እንጂ ፔኒሲሊን አላገኙም፤ የልባቸው በር ጠባሳ ይዞ ቀረ። ላሲክስ የሚባለው የሚያሸና ኪኒን ሲቋረጥ ውኃው ወደ እግርና ወደ ሳንባ ይመለሳል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ በሩማቲክ የልብ ሕመም ላይ ውሳኔ አሳልፎ ነበር፤ መድኃኒት ለሁሉም ይድረስ የሚለው እዚያ ውስጥ አለ። እኛ ጋ አንድ ፊርማ መሐል ገብቶ ከአምስት ሳምንት ኪኒን ለያቸው።

ተኝተው በደም ሥር ላሲክስ ተሰጣቸው፤ በ6 ቀን 7 ኪሎ ቀነሱ። እኔ በወሩ ግምገማ ላይ ተነሥቼ፣ ዕድሜ ልክ ለሚታከም የልብ ድካም ሪፈሩ በዓመት አንዴ ይብቃ አልኩ። «መመሪያ ነው፤ ለበላይ አካል ይቅረብ» ተባለ። በጽሑፍ አቀረብኩ፤ መልስ አልመጣም። ዝም ማለት ስላልቻልኩ በየሐሙሱ እግር ከመጫኔ በፊት የሪፈሩን ቀን አያለሁ። ሊያልፍ የተቃረበ ካለ ጤና ጣቢያው ጋ እኔው ደውዬ ፈራሚው መኖሩን አረጋግጣለሁ። ሥራዬ አይደለም የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ።

ሲወጡ አዲሱ ሪፈር የሚያበቃበትን ቀን ነገርኳቸው። «ቁጥሩ አይያዝልኝም፤ በዓል አስጠግተህ ንገረኝ» አሉ። ካርዳቸው ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጥቅምት መድኃኔ ዓለም» ብዬ ጻፍኩላቸው። ልጃቸው ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ እሳቸውም ደብተሩን በላስቲኩ ጠቅልለው መቀነታቸው ጫፍ ላይ መልሰው ቋጠሩት።