ሦስት ሰከንድ ተኩል

ዛሬ ምንም የሆነ ነገር የለም። ዝም ብሎ ሲከፋኝ ዋለ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ መብራቱም ሄድ መጣ ሲል ነው የዋለው።

የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ነው። ትምህርት ስለተዘጋ ክረምቱን እዚሁ ነው የሚከርመው። ቀን ስልኬ ላይ የኒንጃ ውድድር፣ ያ ሰዎች መሰናክል የሚያልፉበትን፣ ሲያይ ይውልና፣ ማታ ማታ ሳሎኑን መወዳደሪያ ያደርገዋል። ዛሬም ትራሶቹን አውርዶ ምንጣፉ ላይ ራቅ ራቅ አድርጎ ደረደራቸው። ምንጣፉ ውሃ ነው፤ የነካ ወደቀ። ከሶፋ ወደ ትራስ፣ ከትራስ ወደ በርጩማ፣ ከበርጩማው ዘሎ በሩን መንካት።

«አክስቴ፣ ሰዓት ያዢልኝ።»

ያዝኩለት። በሩን በመዳፉ ጧ አድርጎ መታና እያለከለከ ዞረ።

«ስንት ገባሁ?»

ነገርኩት።

«ሪከርዱስ ስንት ነው?»

«የቱ ሪከርድ?»

«የዓለም ነዋ!»

እንጃ አልኩት። ቅር አለው። እራቱን በልቶ ተኛ፣ ጥያቄው ግን እኔ ላይ ቀረ። እነዚህን ውድድሮች ስከታተል የኖርኩት ከሱ በፊት እኔ ነኝ። እንዴት እስከ ዛሬ አንድም ቀን ይሄን ሳልጠይቅ ቀረሁ?

እኛ አገር ሪከርድ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን ሩጫ ነው። ቀነኒሳ በቀለ 10,000 ሜትሩን በ2005 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ብራስልስ ላይ በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ገባ። ያ ሰዓት ለ15 ዓመት ያህል ማንም ሳይደርስበት ቆየ። በ2020 ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ቫሌንሲያ ላይ 26:11.00 ገብቶ ሰበረው። የዛን ቀን እንደ ሰው ሞት ነበር ያዘንኩት። ግን ሪከርዱ መሰበሩን ማንም አልተጠራጠረም። ብራስልስም ቫሌንሲያም መሙ 400 ሜትር ነው፣ 25 ዙር ነው። ሁለቱ ሰዎች 15 ዓመት ተራርቀውም ጎን ለጎን የሮጡ ያህል ነው።

የመሰናክል ውድድር ላይ ይሄ የለም። ነገሩ የገባኝ ዛሬ ነው።

የሁሉም እናት የጃፓኑ ሳሱኬ ነው። ቲቢኤስ የሚባለው ቴሌቪዥን በ1997 ጀመረው። 100 ሰው ይገባል፣ አራት ምዕራፍ አለው። ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርስ አይፎካከሩም። ሁሉም የሚገጥመው መሰናክሉን ነው። አንደኛ የወጣ ይሸለማል የሚባል ነገርም የለም፤ ወይ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያለውን ማማ በገመድ እስከ ጫፉ ወጥተህ ቁልፉን ትጫናለህ፣ ወይ ማንም አላሸነፈም ተብሎ ወደ ቤት ይኬዳል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። መቶ ሰው ወድቆ፣ ማማው ባዶውን ቆሞ ፕሮግራሙ ያልቃል። እኔ ይሄን ነው የምወደው። አሸናፊ ከሌለ የለም ብሎ መዝጋት የሚችል ፕሮግራም ብዙ አይገኝም።

የመጀመሪያው ሰው ካዙሂኮ አኪያማ ነው። ሸርጣን አጥማጅ ነበር፣ ዓይኑም ደካማ ነው። በ1999፣ በአራተኛው ውድድር ገመዱን ወጥቶ ጨረሰ። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ማኮቶ ናጋኖ ነው፣ እሱ ደግሞ የዓሣ መርከብ ካፒቴን። ግን የመጣው በ2006 ነው። መካከል ላይ ሰባት ዓመት አለ። ናጋኖ ከዚያ በፊት ደጋግሞ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደርሶ ሰዓቱ እየቀደመው ተመልሷል። ሲሳካለት 2.56 ሰከንድ ነበር የቀረው።

ታዲያ ከሁለቱ ማን ይበልጣል? አይታወቅም። አኪያማ ካሸነፈ በኋላ አዘጋጆቹ መሰናክሉን አከበዱት። ያን ወደ ሯጩ የሚያጎነብሰውን ግድግዳ ያመጡት ያኔ ነው። አይታችሁት ከሆነ፣ ሰውየው ተንደርድሮ ይሮጥበታል፤ ግድግዳው እየቀና፣ እየቀና ሄዶ ጭራሽ ወደ ኋላው ይደፋበታል። እግሩ ሲከዳው በጣቶቹ ጫፍ ጠርዙን መያዝ አለበት። ጠርዙን ነክቶ ያንሸራተተው ሰው ወደ ታች ሲንሸራተት ጫማው ጢው የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አኪያማ ራሱ፣ ያ ያሸነፈው ሰው፣ በሚቀጥለው ውድድር አንደኛውን ምዕራፍ ማለፍ አቃተው። ናጋኖ ሲያሸንፍም እንደገና አፍርሰው ሠሩት። ዩጂ ኡሩሺሃራ የሚባል ጫማ ሻጭ በ2010 ጨረሰ፣ በ2011 ደገመው። ሁለት ጊዜ የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያም እንደገና ቀየሩት። በ2015 ዩሱኬ ሞሪሞቶ ጨረሰ። በ15 ዓመቱ ገብቶ የወደቀ ልጅ ነው፤ እነ ናጋኖን በቴሌቪዥን እያየ ያደገ። በ2020 እሱም ደገመው።

እንግዲህ አንድ ሰው በቻለው ቁጥር መሰናክሉ ይፈርሳል። ያሸነፈበት ግድግዳና ገመድ ከዚያ በኋላ እንደነበረ አይቆይም። የአኪያማን ሰዓት ልስበር የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ የት ይሰብረዋል? ቦታው የለም። የእህቴ ልጅ ጥያቄ እኔ ላይ የቀረው ለካ መልስ ስለሌለው ነው።

እሺ፣ ሰዓት ካልሆነ ምንድነው የሚቆየው? «መጀመሪያ» የሚለው ይቆያል። እሱን ማንም አይነካውም። በ2014 አሜሪካ፣ ዳላስ ላይ ኬሲ ካታንዛሮ ያንን ግድግዳ ወጣች። ከሳሱኬ በተቀዳው በአሜሪካኑ ውድድር (አሜሪካን ኒንጃ ዋርየር) ግድግዳውን የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ52 ነው። ግድግዳው ከአራት ሜትር በላይ ነው። ከዚያ የከተማውን ፍጻሜ ሙሉ ጨረሰች፣ እሱም ለሴት የመጀመሪያው ነው። ያን ቀን ተመልካቹ ሲጮህ የነበረው ጩኸት አሁንም ሳየው ያስለቅሰኛል። ከሷ በኋላ ስንት ሴት ወጣው! በ2016 ጄሲ ግራፍ ላስ ቬጋስ ላይ የፍጻሜውን አንደኛ ምዕራፍ አለፈች፣ ያም ለሴት የመጀመሪያ ነው። የኬሲን ግን ማንም አልወሰደባትም፣ ሊወስድባትም አይችልም።

እዚህ ድረስ ሳስብ ልቤ ትንሽ ቀለል አለው። ከዚያ ጄፍ ብሪተን ትዝ አለኝና ተመልሶ ከበደው።

ታሪኩን የማታውቁት ካላችሁ፣ እንዲህ ነው። የአሜሪካው ውድድር ከ2009 ጀምሮ ሲካሄድ ስድስት ጊዜ ማንም አልጨረሰውም። ሰባተኛው፣ የ2015ቱ ላይ፣ ሁለት ሰው በአንድ ሌሊት መጨረሻው ደረሰ። የቀረው ገመድ ብቻ ነው። 75 ጫማ፣ ወደ 23 ሜትር ማለት ነው፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ። ብሪተን ቀድሞ ወጣ። ሙያው የስፖርት ካሜራ ሠራተኛ ነው፣ ሌላ ጊዜ ሰው ሲያሸንፍ የሚቀርፅ። እጅ በእጅ እየተተካ ወጣ፣ ወጣ፣ ቁልፉን በ29.65 ሰከንድ ተጫነ። 0.35 ሰከንድ ነው የቀረው፤ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነው። በአሜሪካ ምድር ያንን ማማ የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያ ዓመት ከማጣሪያው ጀምሮ የነበሩትን ስድስቱንም ዙሮች አንድ ሳይስት የጨረሰም እሱ ነው።

ከዚያ አይዛክ ካልዲየሮ ወጣ። ዓለት ወጪ ነው። 26.14።

ደንቡ ደግሞ ሁለት ሰው ከጨረሰ ፈጣኑ ይወስዳል ይላል። አንድ ሚሊዮን ዶላሩ ለካልዲየሮ ሆነ። ለብሪተን ከሽልማቱ ምንም አልደረሰውም። ምንም። ልዩነቱ ሦስት ሰከንድ ተኩል ነው።

ካልዲየሮን አልጠላውም፤ እሱም የሚገባውን ነው ያገኘው። ሥራውን ትቶ፣ መኪና ውስጥ እየኖረ ሲለማመድ የቆየ ሰው ነው። ግን ደንቡን ማን እንደጻፈው ባውቅ ደስ ይለኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ «ጠላታችሁ መሰናክሉ ነው» ሲሉ ቆይተው፣ ሁለት ሰው መሰናክሉን ሲያሸንፈው ጊዜ፣ «አሁን ደግሞ እርስ በርስ ተፋለሙ» አሉ። ይሄ አልዋጥልኝ አለ። የጃፓኑ ሰዎች መንፈስ እንደዚያ አልነበረም። እዚያ አንዱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የወደቁት 99ኙ ከታች ቆመው ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይጮሁለታል። ናጋኖ ሲጨርስ አብረውት የሚወዳደሩት እነ ያማዳ እያለቀሱ ነበር።

ካትሱሚ ያማዳ። ስለሱ ሌላ ቀን ለብቻው መጻፍ አለብኝ። «ከሳሱኬ በቀር ምንም የለኝም» ብሎ በካሜራ ፊት የተናገረ ሰው። አንድም ቀን አላሸነፈም።

ለማንኛውም የመሰናክሉ ነገር አሁን ወደ ኦሎምፒክ እየሄደ ነው። ዘመናዊ ፔንታትሎን የሚባለው፣ አምስት ዓይነት ስፖርት በአንድ የሚይዘው ውድድር፣ ከፓሪስ በኋላ የፈረስ ግልቢያውን አውጥቶ መሰናክል አስገብቷል። በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ እናየዋለን። እዚያ መሰናክሉ ልክ እንደ መም የታወቀ፣ የተለካ ይሆናል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይሮጣል፣ ሰዓት ይያዛል። ያኔ ለእህቴ ልጅ «ሪከርዱ ይሄ ነው» ብዬ ቁጥር ልሰጠው እችላለሁ። ሳስበው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ደስ አላለኝም። ቁጥሩ ሲመጣ አንድ ነገር ይሄዳል ብዬ ነው የምፈራው፤ ያ ማንም ሳያሸንፍ የሚዘጋው ሌሊት።

ግን ዛሬ ሌሊቱን እንቅልፍ ያሳጣኝ እነዚህ ሁሉ አይደሉም። ሺንጎ ያማሞቶ ነው።

ያማሞቶ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ሰው ነበር። በ1997ቱ፣ በመጀመሪያው ውድድር ላይ ገባ፤ 23 ዓመቱ ነበር። በሁለተኛውም ገባ። በሦስተኛውም። አኪያማ ሲያሸንፍ እዚያ ነበር። ናጋኖ ሲያሸንፍ እዚያ ነበር። ኡሩሺሃራም ሞሪሞቶም ሲያሸንፉ እዚያ ነበር። ትከሻው ደጋግሞ እየተጎዳበት፣ ጸጉሩ እየሸበተ፣ በ2022 እስከተካሄደው 40ኛው ውድድር ድረስ አንድም አልቀረም። ከመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዎች ሌላ እንዲህ የዘለቀ የለም። ማማውን ግን አንድም ቀን አልጨረሰም።

እናቴ እድር ላይ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። ሰብሳቢ ሆና አታውቅም፣ ንግግርም አድርጋ አታውቅም። ሲቆጠር ግን አለች። ያማሞቶ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።

እና ይሄን አስቡልኝ። ይሄን ሪከርድ ማንም ሊሰብረው አይችልም። በጉልበት አይሰበርም፣ በልምምድ አይሰበርም። በ1997 እዚያ ያልነበረ ሰው ከአሁን በኋላ ምንም ቢያደርግ አይደርስበትም። የቀነኒሳን የሰበረ መጣ። የኡሩሺሃራን ሁለት ድል ሞሪሞቶ ደረሰበት። የያማሞቶን ግን ማንም አይነጥቀውም።

አንድ የቆየ ቪዲዮ ላይ አንደኛው ምዕራፍ መነሻ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። ትከሻውን በአንድ እጁ ይዞ ያዞራል፣ ያዞራል። ፊቱ ላይ ድራማ የለም። ጥሩንባው ሲነፋ ሮጠ፣ ትንሽ ሄዶ ወደቀ፣ ከውሃው ወጣ፣ ለተመልካቹ ጎንበስ ብሎ ሰገደና ሄደ። ዛሬ ማታ ደጋግሜ ያየሁት ያንን ነው። ብሪተን 23 ሜትር ወጥቶ ምንም አላገኘም፣ ያማሞቶ ውሃ ውስጥ ወድቆ የማይሰበር ነገር ይዞ ሄደ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የቱ ይበልጥ እንደሚያሳዝነኝ፣ በየቱ ደግሞ እንደምቀና መለየት አቃተኝ።

አንድ ነገር ብጠይቀው ደስ ይለኛል። ትከሻው ታሞ ነበር፣ መሰናክሉ በየጊዜው ይከብድ ነበር፣ አጠገቡ የሚቆሙት እሱ ሲጀምር ገና ያልተወለዱ ልጆች ነበሩ። የውድድሩ ቀን ጠዋት ጫማውን ሲያስር በልቡ ምን ይል ነበር? ዛሬ እጨርሳለሁ ብሎ ነበር የሚሄደው፣ ወይስ ላለመቅረት ብቻ ነበር?