ሜዳው ነበረ፣ ፈረሱስ?

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው!» አለን አለቃችን፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ እያደረገ።

ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ ዝግጅት የሚያሰናዳ ድርጅት ውስጥ ነበር የምሠራው። የፈረስ ሻምፒዮና ማዘጋጀት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖናል። በየዓመቱ አራት ውድድር። ሕዝቡ ወዶታል። ስፖንሰሮች በዝተዋል፤ እያንዳንዱ ደግሞ በራሱ ስም የሚጠራ ዋንጫ ይፈልጋል። ስለዚህ አራቱ አሥር ይሁኑ ተባለ። መርሐ ግብሩን የማወጣው እኔ ነኝ።

ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ኤክሴል ላይ ሠራሁት። ሰዓት፣ ርቀት፣ ስፖንሰር፣ ሽልማት፣ ዋንጫ የሚያስረክበው እንግዳ። በየ40 ደቂቃው አንድ ውድድር። ለንግግር ሳይቀር ቦታ ነበረው። ለፈረሶቹ ግን አንድም ዓምድ አልነበረውም። የተመዘገቡት 34 ፈረሶች ናቸው። አሥር ውድድር፣ በእያንዳንዱ ስምንት ፈረስ፣ 80 ቦታ ማለት ነው። ይህን አላባዛሁትም። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

አብዛኞቹ ፈረሶች የመጡት ከአዊ ነው። ፈረሰኛነት እዚያ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ለማሰብ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ሄዶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳው በባለ ጌጥ ፈረስ ይሞላል። እንጅባራ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም አገር ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። የእኛ ውድድር ደግሞ ሚያዝያ ነበር፣ ሐይቁ ዳር እንኳ ወበቁ ሰው በሚያስመርርበት ወር። ደጋ ያደገ ፈረስ አይሱዙ ላይ ቆሞ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ በማያውቀው ቦታ ታስሮ አድሮ፣ በማግስቱ ይሮጣል። ይህም በወረቀቴ ላይ አልነበረም።

ጠዋት ሁሉ ነገር ደስ ይል ነበር። ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አንድም ነገር አልተሳሳተም። ከዚያ በኋላ ግን አስተናባሪዎቹ እየሮጡ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። አምስተኛው ውድድር ላይ ሁለት ፈረስ ጎደለ። ስድስተኛው ላይ ሦስት። ሰባተኛው ሊጀመር ሲል መነሻው ላይ የቆሙት አራት ብቻ ነበሩ። የዚያ ዋንጫ ስፖንሰር ደግሞ የክብር ቦታ ላይ ተቀምጧል።

ከዳንግላ ወገን የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ፈረሳቸው ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው። ጋላቢው የልጅ ልጃቸው ነው። ጠዋት ሁለተኛ ወጥቷል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ሦስተኛ። ዛፍ ጥላ ሥር ይዘውት ቆመዋል። ሄድኩና፣

«አባቴ፣ ዳማውን አንዴ ይድገሙልን፤ ቦታ ጎድሎብናል» አልኳቸው።

ፈረሱን አዩት። አንገቱን ዳበስ አደረጉ። «ልጄ፣ የደከመው ይመስለኛል።»

«ሽልማቱ ጥሩ ነው» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ልጁን ጠርተው «ጫን» አሉት። ሁልጊዜ የማስታውሰው ያቺን ቅጽበት ነው። እሳቸው ፈረሳቸውን ያውቁታል፤ ደክሟል ብለው ነግረውኛል። እኔ ስለ ሽልማት ነገርኳቸው።

ዳማው አራተኛ ሆኖ ገባ። መጨረሻውን መስመር አልፎ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደና ቆመ። ልጁ ወረደ። ኮርቻው ሲነሳ ግላሱ ሥር የነበረው ላብ እንደ ሳሙና አረፋ ነጭ ሆኖ ደርቋል። የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። አፍንጫው ተነፋፍቶ ውስጡ ቀይ ሆኖ ይታያል። ደረቱ ላይ እጄን ሳሳርፍ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ላብ ግን የለም። ደረቅ ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ ሮጣ መጣች። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የተማረች ወጣት ናት፤ ለአሥር ውድድር የቀጠርናት እሷን አንዷን ብቻ ነው። አንገቱ ላይ ቆዳውን ቆንጥጣ ለቀቀችው። ቆዳው ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ እንደተቆነጠጠ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ክንዱ ሥር ማዳመጫዋን አድርጋ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች።

«ላብ አቁሟል፣ ይህ ነው የሚያስፈራኝ» አለች። «ፈረስ በእንዲህ ያለ ሙቀት ሲሮጥ በሰዓት ከ10 ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል፣ ጨውም አብሮ ይወጣል። እረፍት ላይ ያለ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ነው የሚመታ። ይሄ ከቆመ ሃያ ደቂቃ አልፎት አሁንም ከ90 በላይ ነው። ውኃ የት አለ?»

ውኃ አልነበረም። ማለቴ፣ አቧራ ለማርጠብ የተከራየነው ቦቴ ነበር፤ ጠዋት ሜዳው ላይ አፍስሶ ሄዷል። ጣና ከሜዳው ብዙም ሳይርቅ ተንጣልሎ ይታያል፣ እኛ ለፈረስ የሚሆን አንድ በርሜል አላዘጋጀንም። የሰፈር ልጆች ናቸው ያዳኑት። ጀሪካን እየተቀባበሉ ከሐይቁ አመጡ። አንገቱ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ በእግሮቹ መሀል ደጋግመን አፈሰስንበት። ሐኪሟ ጨው በጥብጣ በትንሽ በትንሹ አጠጣችው። ሽማግሌው ለኮውን ይዘው በጥላው ውስጥ ቀስ እያሉ ያዞሩታል። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሸና። ሐኪሟ ያን ጊዜ ነው የተነፈሰችው። ፈረሱ ተረፈ። የቀሩትን ሦስት ውድድሮች ሰረዝናቸው። በማግስቱ ቢሮ ውስጥ የተወራው ስለ ስፖንሰሮቹ ቅሬታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ ጀመርኩ። ብሪደርስ ካፕ የሚባለው የአሜሪካ ሻምፒዮና በ1984 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በአንድ ቀን ሰባት ውድድር ነበረው። ስምንተኛው የተጨመረው በ1999 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቆይተው፣ አንድ። በ2007 ሦስት ሲጨምሩ ቀኑንም ሁለት አደረጉት። በ2008 ውድድሩ 14 ደረሰ። እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፣ የተጨመሩት ምን ምን እንደሆኑ ነው። ለምሳሌ አጭር ርቀት የምትሮጥ ባዝራ ከ2007 በፊት በዚያ ሻምፒዮና የራሷ ውድድር አልነበራትም፤ ከወንዶቹ ጋር መግባት ነበረባት። ለእሷ አንድ ከፈቱ። ሣር ላይ ለሚሮጡ የሁለት ዓመት ፈረሶች ሌላ ከፈቱ። አዲሱ ውድድር ቦታ ላጣ ፈረስ ነው የተከፈተው። ያልያዘላቸውንም ያወጡታል፤ በ2008 የገባው ረጅሙ ሩጫ፣ ማራቶን ያሉት፣ ከ2013 በኋላ ቀርቷል።

የእኛ አሥሩ ውድድሮች ግን ለማን ተከፈቱ? ለዋንጫ ሰጪዎች። የሚሮጡት ያው 34ቱ ናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሰንጠረዥ ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ። የመጀመሪያው ዓምድ «ፈረስ» ይላል። ስድስት ውድድር፣ በሁለት ቀን፣ በኅዳር። የተጨመሩት ሁለት ናቸው፦ አንዱ ለባዝራ፣ አንዱ ለሰጋር በቅሎ። በጎጃም ስንት ጥሩ በቅሎ አለ! ባለቤቶቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳር ቆመው ሲያዩ ነበር። አለቃዬ «ስፖንሰሮቹንስ ምን ልበላቸው?» አለኝ። አንዱ ውኃውን ይቻል፣ አንዱ የፈረሶቹን ዳስ፣ አንዱ የሐኪሞቹን አበል አልኩት። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ተስማማ፤ የእሱ ደግነት ነው፣ እምቢ ማለት ይችል ነበር።

አንድ ደንብ ደግሞ አስገባን። የሮጠ ፈረስ ጋማው ላይ ቀይ ክር ይታሰርለታል። ክር ያለው ፈረስ በዚያ ቀን መነሻው ላይ አይቆምም፤ ማንም ቢለምን፣ ሽልማቱ ምንም ቢሆን።

ሽማግሌው ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል መጡ፣ ዳማውንም ይዘውት። ተነሥቼ እጅ ነሳኋቸው። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም።

«ስንቴ ነው የሚሮጠው?» አሉኝ።

«አንዴ ብቻ፣ አባቴ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ለኮውን ለልጁ ሰጡትና ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

በማግስቱ ዳማው አንደኛ አልወጣም፣ ሦስተኛ ነበር። ቀዩን ክር ጋማው ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አንገቱ በላብ ርሶ ነበር።