ምስር በግራ እጅ

ስትሮክ የመታው ሰው ቤቱ ውስጥ ንጉሥ ነው። ውሃ ይቀዳለታል፣ ጫማው ይታሰርለታል፣ ሪሞቱ እጁ ላይ ይደረግለታል። እኔም ከሆስፒታል የወጣሁ ሰሞን እንደዚያው ነበርኩ። ልጆቼ፣ እህቴና ጎረቤቶቼ ተባብረው ከሶፋው እንዳልነሳ አደረጉኝ። «አንቺ ብቻ እረፊ» ነው ቃላቸው። ብድግ ለማለት ስሞክር «ኧረ በማርያም!» ብለው መልሰው ያስቀምጡኛል። ውለታቸውን እግዜር ይቁጠርላቸው። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ከስትሮኩ ቀጥሎ ግራ ጎኔን ያሰነፈው ያ ሁሉ እንክብካቤ ይመስለኛል።

ስለ ዕለቱ ብዙ አላወራም። ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ ግራ እጄ ከዳኝ፣ አፌ ተጣመመ፣ ምላሴ ተሳሰረ። አንዷ ጎረቤት «መጋኛ ነው» አለች። ሌላዋ «ምች ነው፣ ዳማከሴ እሹላት» አለች። ልጄ ማንንም ሳትሰማ ታክሲ ጠርታ ወሰደችኝ። ሲቲ ስካን ሲታይ የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል። መነሻው ደም ግፊት ነው። እንዲህ ላለው ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን ምልክቱ በጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ መጋኛም ይሁን ምች፣ መጀመሪያ ሆስፒታል። ዳማከሴው ይደርሳል።

ፊዚዮቴራፒስቴ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። «እናቴ» እያለ ነው የሚጠራኝ፣ ግን አይራራልኝም። መጀመሪያ ቀን ሹራቤን እንድለብስ ጠየቀኝና ዝም ብሎ አየኝ። ስጨርስ ወደ ቀኝ እጄ እያመለከተ «ይቺ ሌባ ናት፤ የእህቷን ሥራ ሁሉ ትሰርቃለች» አለኝ። እውነቱን ነው። ግራዋ ጭኔ ላይ ተጋድማ ቀኟ ብቻዋን ነበር የምትታገለው።

እንዳስረዳኝ ከሆነ የሞተው የአንጎል ክፍል ተመልሶ አይነሳም። ደህና የቀረው ክፍል ግን ሥራውን ሊረከብ ይችላል። የሚረከበው ታዲያ ያው እንቅስቃሴ ደግሞ ደጋግሞ ሲጠየቅ ነው። ካልተጠየቀ እጅየዋ ጭራሽ ትረሳለች። አንዳንድ ቦታ ደህናው እጅ ላይ ወፍራም ጓንት አጥልቀው ታማሚው በደካማው እጅ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። እኔ ቤት ግን ችግሩ የጓንት አልነበረም። ሥራ የሚቀሙኝን ሰዎች ማን ያስቁምልኝ?

ለጣቶቼ የሚጨመቅ ኳስ ልግዛ ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ። «ቤትዎ ሊጥ የለም እንዴ?» አለኝ። ሊጥ አሸት፣ የልብስ መቆንጠጫ ከገመድ ላይ ክፈት ዝጋ፣ ምስር ልቀም። የቤት ሥራዬ ይኸው ሆነ።

ምስር መልቀም ሥራ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ወሬ እያወራን፣ ቴሌቪዥን እያየን የምናደርገው ነገር ነው። በግራ እጅ ሲሆን ሌላ ነው። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አንዲት ጥቁር ጠጠር አየሁ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ልይዛት ስል አምስቱም ጣቶቼ አንድ ላይ ይጨበጣሉ። ጠጠሯ ትሾልካለች። ደግሜ ስሞክር ትከሻዬ ሳላዘው ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ ጥርሴ ይነከሳል፣ ላቤ ይወርዳል። ያዝኳት ስል ጣቴ ላይ ተጣብቃ አትለቅም። መያዝ ብቻ ሳይሆን መልቀቅም ትምህርት ይፈልጋል ለካ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ እጇ ይበላታል። «እማዬ፣ ስጪኝ ልጨርስልሽ!» «ንኪና!» አልኳት። ያን ቀን ምሳ የበላነው 10 ሰዓት ላይ ነው። ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ተርበው ስለነበር ምስሩም ጣፈጣቸው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ድርድር ተጀመረ። ሊጥ የኔ ነው። የታጠበ ልብስ ማጠፍ የኔ ነው። ምጣድ አጠገብ ግን አልደርስም። ግራ እጄ ሙቀትን በደንብ ስለማትለይ ሳላውቀው ልቃጠል እችላለሁ፤ በዚህ እኔም እስማማለሁ። ነጭ ሽንኩርት መላጥ እስካሁን አሸንፎኛል። አንዷ እጅ ጠበቅ አድርጋ ካልያዘችው ሌላዋ ብትቧጥጠው ዋጋ የለውም።

እግሬ ሌላ ታሪክ ነው። የግራ እግሬ ጣቶች ስራመድ በደንብ አይነሱም፤ መሬት ይጠርጋሉ። የሰፈራችን ኮብልስቶን እንዴት ያለ ጠላት እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት። ከፍ ዝቅ ያለችው እያንዳንዷ ድንጋይ ጫማዬን ትጠልፋለች። ነጠላ ጫማ ተከልክዬ ተረከዝ የሚይዝ፣ በማጣበቂያ የሚታሰር ጫማ ገዛሁ። መለማመጃዬ የቤተክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሆነ። መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ዛፍ አለ፣ ሲደክም መቀመጫ አለ። ደግሞ እዚያ ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ግማሹም ከዘራ ይዟል። ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ጠበልም እጠመቃለሁ፣ ኪኒኔንም እውጣለሁ። ሁለቱ ሲጣሉ አላየሁም።

ፊዚዮቴራፒስቴ ስለ አረማመድ ፍጥነት የሰጠኝ ምክር ደስ ይለኛል። «እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ልክ ነው። መዝፈን ከቻሉ ግን ፍጥነት ይጨምሩ» ነው ያለኝ። እኔ በመዝሙር ነው የምለካው። አንዱን ስንኝ ሳልቆርጥ ከዘለቅሁ ፈጠን እላለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናትና መዝሙሩ ቶሎ ይቆረጣል።

ፍርሃቱን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ልቤ መምታት በጀመረ ቁጥር «መጣብኝ» እላለሁ። እንቅስቃሴ ሲደረግ ልብ መምታቱ ያለ ነው፤ ይሄንን ጭንቅላቴ ያውቃል፣ ሆዴ አያውቅም። ከመውጣቴ በፊት ቤት ባለችው መሣሪያ ግፊቴን እለካለሁ። ሐኪሜ ከ130 በ80 በታች እንዲሆን ነው የሚፈልገው። ቁጥሯን ሳያት እረጋጋለሁ።

ሌላው ድካሙ ነው። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣው ድካም እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ድካም አይደለም። እያወራሁ ሳለሁ ድንገት መብራት ይጠፋል። ሰዉ ደግሞ «ምንም አትመስይም እኮ!» ይለኛል። ምስጋና ነው፣ ግን አንዳንዴ ያናድደኛል። አሁን ከመድከሜ በፊት ነው የማርፈው። ጠዋት ከተራመድኩ ከሰዓት እንግዳ አልቀበልም። የተቀየመ ዘመድ አለ፤ ይቀየም።

ትልቁ ልጄ ስፖርት ይወዳል። አንድ ቀን ስለ ማይክል ጆንሰን አጫወተኝ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ 200 ሜትርን በ19.32 ሰከንድ የሮጠው አሜሪካዊ ነው፣ ያ በወርቃማ ጫማው። እኛ ቤት ግን አትላንታ ሲነሳ የሚወራው ስለ ፋጡማ ሮባና ስለ ኃይሌ ነው። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ስትሮክ መታው። ሆስፒታል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደግፎ ሲራመድ የሄደው ወደ 200 ሜትር ገደማ ነበር፣ የፈጀበት ደግሞ 15 ደቂቃ። ራሱ ነው የተናገረው። ከልቤ ሳቅሁ። ያንን ርቀት እኔም በዚያ ሰዓት እጨርሰዋለሁ!

ታክሲ መሳፈር ከጀመርኩ ቆየሁ። የሚኒባሱ መርገጫ ከፍ ይላል፣ ወያላውም ይቸኩላል። አንዱ «ማዘር፣ ፈጠን በይ!» ብሎ ግራ እጄን ሊጎትት ሲል ጮህኩበት። የደከመ እጅ ከተጎተተ ትከሻ ሊወልቅ ይችላል። ይሄንን ለሚረዳኝ ሰው ሁሉ እናገራለሁ፦ እጄን አትጎትቱኝ፣ ክንዳችሁን ስጡኝ፣ የምይዘው እኔ ነኝ። ልጁ ደነገጠና ክንዱን እንደ አጥር ዘረጋልኝ። በማግስቱ ሌላ መኪና ላይ ሆኖ ሲያየኝ ክንዱን ከሩቅ ዘረጋ።

በፊት ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ ነበርኩ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ደረጃውን ወጣ ወረድ እንል ነበር፣ ከዚያ በሶ ጠጥተን እንበተናለን። ባለፈው ቅዳሜ ይዘውኝ ሄዱ። ለደረጃ የተሰጠኝ ሕግ አጭር ናት፦ ሲወጡ በደህናው እግር፣ ሲወርዱ በደካማው። መውጣቱ ቀላል ሆነ። ስወርድ ግን ደካማውን እግር ልሰድ ስል ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ከኋላችን ፊሽካ የሚነፋ አሠልጣኝ ወጣቶቹን እያስሮጠ መጣ። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለሉ አለፉን። ጓደኛዬ በደካማው ጎኔ በኩል ቆማ፣ እንዳስተማርኳት ክንዷን ብቻ ሰጥታኝ፣ ጮክ ብላ ትቆጥርልኛለች። እህቴ ይሄን ብታይ ራሷን ይዛ ትጮህ ነበር፣ ስለዚህ አልነገርናትም።

ሐኪሜ ግፊቴን አይቶ ከፈቀደ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትንሽ ከፍ ብለን እንጀምራለን። ጓደኞቼ እንጦጦ ፓርክንም አንስተውልኛል። እሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ለጊዜው በመኪና ወስደው ቡና ይጋብዙኝ። ስኒውን በግራ እይዛለሁ።