ቁርበት የተነጠፈለት ጅብ፦ ከጣና ዳር የጉዞ ማስታወሻ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሦስት ሆነን ባሕር ዳር የወረድነው የደንገል እንስሳት ሠርተን ሐይቁ ዳር ለማቆም ነው። ጅብ፣ የመነኮሰች ድመት፣ የሚራገጡ ሁለት አህዮችና አንዲት ቀጭኔ። ቀጭኔዋ ከቴሌቪዥን ናት፤ ሌሎቹ ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ተረትና ምሳሌ የመጡ ናቸው።

ደንገል ታንኳ የሚሠራበት ተክል ነው። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከላይ አረንጓዴ ልጣጭ፣ ከውስጥ ነጭ ስፖንጅ የመሰለ ልብ አለው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው በዚህ ልብ ውስጥ ያለው አየር ነው። ውሃ በጠጣ ቁጥር ስለሚከብድ ታንኳ ከሥራ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል። እኛም በጣና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪዎች መጀመሪያ የተማርነው እርጥበቱን በእጅ መለየትን ነው። አንዱን ዘንግ በአውራ ጣት ጎበጥ ያደርጉታል፤ ውሃ ካወጣ ገና ነው፣ ቀሽ ብሎ ከተሰበረ አልፎበታል። ታጥፎ ሳይሰበር ሲቀር ለማሰር ደርሷል። በታኅሣሥ ፀሐይ፣ በየቀኑ እያገላበጥነው፣ 5 ቀን ፈጀበት።

የመጀመሪያውን አህያ በ3ኛው ቀን አስረነው እግሮቹ ተፈቱ። ቋጠሮው ጥፋት አልነበረበትም፤ ደንገሉ ሲደርቅ ከስቶ ገመዱ ስለላላ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን እስር በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በቃጫ ገመድ፣ አንዱ በእግሩ ተደግፎ እየሳበ ሌላው እየቋጠረ አሰርን፤ ከ3 ቀን በኋላም ሁሉንም ደግመን አጠበቅን። ይህን ሁለተኛ ዙር የሚዘል ሰው ሥራው ወር አይቆይለትም።

ጅቡ 9 እስር ደንገል በላ። ጅብን ጅብ የሚያሰኘው ጥርሱ ሳይሆን ወደ ኋላ የሚወርደው ጀርባው ነው፤ የፊት እግሮቹን 85፣ የኋላዎቹን 60 ሳንቲ ሜትር ስናደርግ ገና ጭንቅላት ሳይኖረው የሚያልፉ ልጆች ስሙን ጠሩት። እግሮቹ ውስጥ የባሕር ዛፍ አጣና አለ፤ 50 ሳንቲ ሜትር መሬት ይገባል። ምስጥ እንዳይቸኩልበት የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ለበለብነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ቀላል ነበር፣ ግን ሐይቅ ዳር አይደረግም። ጭንቅላቱ 3 እጅ ቀይ አፈርና 1 እጅ የተከተፈ የጤፍ ጭድ ሆኖ ለ4 ቀን የቦካ ጭቃ ነው። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እርጥብ ጆንያ አልብሰን ጥላ ሥር አስቀመጥነው።

እምቦጭ በሽ ነው፣ ለምን ሆዳቸው ውስጥ አትጠቀጥቁትም ያሉን ነበሩ። እምቦጭ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ ሆዱ ባዶ ይቀራል፤ አበባ የያዘውን ማጓጓዝ ደግሞ ዘሩን ወደ ሌላ ዳርቻ ማድረስ ነው።

ቀጭኔዋ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ልጆችን በአማርኛ ያስተማረችው ፀሐይ ናት። በቴሌቪዥን ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች፣ እጅ ገብቶ የሚያናግራት አሻንጉሊት ናት፤ ያ ልስላሴ በ2 ሜትር አንገት ላይ አይገኝም። አንገቷን ለማቅጠን ዘንጎቹን በተለያየ ርዝመት ቆረጥንና ረጃጅሞቹን 12 ብቻ እስከ ራሷ አደረስን። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ጠመዘዘው፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ መሃሉ ላይ ስናስገባ ጸና። ነጠብጣቦቿ ቡናማ አለላ የተሰፋባቸው 12 ሳንቲ ሜትር ስፌቶች ናቸው፤ በወስፌ ደንገሉ ላይ ተሰፉ። ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ የባለሙያ እናቶች እጅ በቅርብ ይታይበታል።

ከእንስሳቱ ፊት 1.5 በ1.2 ሜትር የሆነ የእንጨት ቴሌቪዥን አቆምን፤ መስታወት የለውም፣ በውስጡ የሚታየው ጣና ነው። ከጎኑ አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ለነገሩት፣ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ላረፉት ለአባባ ተስፋዬ። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ስለሆነች ሐይቁን የሚያይ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ከጀርባ ትመጣለች፤ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ቀኑን ሙሉ አይቸገርም፣ ነፋስ ሳይነሳ ጠዋት መምጣቱ ግን ይሻላል።

ክረምት ሲገባ ሁሉም ጣራ ሥር መግባት አለባቸው፤ የሐይቁ ውሃ እስከ መስከረም ይሞላል፣ የረጠበ ደንገልም ይሻግታል። ከብት ለጋውን ደንገል ስለሚበላ ዙሪያው አጥር ይፈልጋል። ጅቡ የተቀመጠበት እውነተኛ የበሬ ቁርበት ነው፤ ባላወቁት አገር አንጥፉልኝ ያለውን እዚህ አነጠፍንለት። ፀሐይ ሲያደርቀው እንዳይጠቀለል በ8 ካስማ ወጥረነዋል። ማታ ማታ ግን ካስማው ተነቅሎ ቤት ይገባል፤ ውጭ ካደረ ከተማ የሚገባው የእውነቱ ጅብ ይወስደዋል።