የድሮ ፌንደር ዕድሜ አነባበብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ (ሁሉም ዓመት በፈረንጅ ነው) የሠራቸውን ጊታሮች መሰብሰብ ስጀምር ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ ተከታታይ ቁጥሩ ነበር። አሁን እሱን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ቁጥሩ ያለበት ብረት አንገቱን ከአካሉ ጋር በአራት ብሎን የሚያስር ጠፍጣፋ ነገር ነው። ፋብሪካው ራሱ በቅደም ተከተል አልገጠመውም፤ ከሌላ ጊታር ነቅሎ ማምጣትም ቀላል ነው።

ስለዚህ ካቻቢቴ ይዤ አንገቱን እፈታለሁ፤ ሻጩ ከፈቀደ ማለቴ ነው፣ ካልፈቀደ የምሰጠው ዋጋ እዚያው ይወርዳል። ከ1962 ወዲህ የአንገቱ ተረከዝ ላይ (አካሉ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ማኅተም አለ፦ የሞዴሉ መለያ፣ ወሩ፣ ዓመቱ፣ በመጨረሻም አንድ ፊደል። ፊደሉ የአንገቱን ስፋት እንጂ የጥራት ደረጃ አይናገርም።

ከዚያ የድምፅ ቁልፎቹ ሥር ያሉትን ፖቴንሽዮሜትሮች አያለሁ፤ ቁልፉ ሲዞር ድምፁን የሚቀይሩት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ናቸው፣ ላያቸው ላይ ቁጥር አለ። 1376612 የሚል ካገኛችሁ፣ 137 ሲቲኤስ የተባለው አምራች ነው፣ 66 ዓመቱ፣ 12 ሳምንቱ። በ304 የሚጀምር ከሆነ ስታክፖል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፌንደር በ1966 ፖቴንሽዮሜትር በብዛት ገዝቶ ለዓመታት ተጠቅሞበታል፤ ስለዚህ አንገቱ 1968 እያለ ፖቴንሽዮሜትሩ 1966 ቢል አትደንግጡ። የሚያጠራጥረው ተቃራኒው ነው፤ አንገቱ 1964፣ ፖቴንሽዮሜትሩ 1971 ከሆነ በመሃል አንድ ሰው ገብቶበታል። ቁጥሩ ቢገጥምም ሽቦዎቹ ፖቴንሽዮሜትሩ ላይ የተያያዙበትን ብየዳ እዩት። ሌላው ሁሉ ደብዝዞ ብየዳው ብቻ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ የዘመኑ ዕቃ ተፈልጎ በኋላ ተበይዷል ማለት ነው።

ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ የብሮድካስት ድርጅት ፌንደርን በ13 ሚሊዮን ዶላር የገዛው በጥር 1965 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጥራቱ ወረደ በሚል ገበያው ከዚያ በፊት ለተሠራው ብዙ ይጨምራል። እኔ ይህን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። በየካቲት 1965 የሠሩት እጆችና በኅዳር 1964 የሠሩት እጆች በአብዛኛው ያው ናቸው።

ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው። እንደገና የተቀባ ጊታር ዋጋው በግማሽ ያህል ይወርዳል የሚለው የነጋዴዎች ልማድ ለኔ በጅቶኛል። አሁን ያለኝ የ1966 ሙስታንግ (የፌንደር አንድ ሞዴል) ጥቁር ተቀብቷል፤ አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ቀይ አለ። ብየዳው ስላልተነካ በግማሽ ዋጋ ደስ ብሎኝ ወሰድኩት። ጥቁሩን ላስለቅቀው ወይስ ልተወው? እስካሁን አልወሰንኩም፤ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።