ኮሮና ሄደ፣ የጎልፍ ሜዳው ደንብ ግን አልሄደም

ሰሞኑን የማውቃቸው ልጆች ተራ በተራ ጎልፍ እየጀመሩ ነው። ሁሉም የሚደውሉት እኔ ጋ ነው። «ቦታ እንዴት ነው የሚያዘው? ለምንድነው ሁሌ ሞልቷል የሚለው?» አንዴ ጽፌው ልገላገል። እግረ መንገዴን ዓመታት ሆዴን ስትበላኝ የኖረችውን ንዴትም ላውጣት።

የጀመርኩት በኮሮና ዓመት፣ በፈረንጆች 2020 ነው። ማርች ላይ የኡበር ሥራ ድርቅ አለ። ኤርፖርቱ ኦና፣ ዳውንታውን ዲሲ ኦና። መንግሥት በሥራ አጥ ክፍያው ላይ በሳምንት 600 ዶላር ሲጨምርልን ብዙዎቻችን መኪናችንን አቁመን ቤት ተቀመጥን። ሰው ግን ስንት ሰዓት ዩቲዩብ ያያል? ጎትተው ያወጡኝ ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ጡረታ ሳይወጡ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር፣ ጎልፍ ደግሞ እኔ አሜሪካ ከመምጣቴ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ይጫወታሉ። «አንተ ልጅ፣ ሜዳ ላይ ያለው ንፋስና ሳር ነው። ከግሮሰሪ ሰልፍ ይሻልሃል» አሉኝ።

ችግሩ የምንኖርባት ሜሪላንድ የጎልፍ ሜዳዎቿን ዘግታለች። ወንዙን ተሻግረህ ቨርጂኒያ ብትገባ ሰው ይጫወታል፣ እዚህ ክልክል ነው። ቫይረሱ ፖቶማክን ሲሻገር ጠባዩን የሚቀይር ይመስል። በመጨረሻ ገዥው ላሪ ሆገን ሜይ 6 ቀን ፈቀዱና በማግስቱ ጠዋት ተከፈተ።

ዕቃው ቀላል ነው። ያገለገለ ዱላ ግዙ፣ ጓንት ለአንድ እጅ፣ ስኒከር ይበቃል። ትምህርት ከፍዬ አልተማርኩም፣ ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ፣ ባልከፍልም ተሰድቤበታለሁ።

ከዚያ ደንቡ መጣ። መግቢያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከቁመቴ ይበልጣል። መጀመሪያ ካርቷ ላይ፣ ማለትም ሜዳው ውስጥ በምታመላልሰን ትንሽ መኪና ላይ፣ ሁለት ሰው መቀመጥ ተከለከለ። አንድ ቤት የምትኖሩ ካልሆናችሁ ለአንድ ሰው አንድ ካርት። እኔና ጋሼ በአንዲት ቶዮታ፣ መስኮት ዘግተን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እያወራን እንመጣለን። ሜዳው ላይ፣ ጣሪያ በሌለበት፣ ንፋስ ባለበት፣ ለየብቻ እንሳፈራለን። ለየብቻም እንከፍላለን። አራት ሰው በአራት ካርት ተከታትሎ ሲሄድ ክላክስ ብቻ የቀረው የሰርግ አጀብ ነው የሚመስለው። በእጅ የምትገፋ የቦርሳ ጋሪ ልግዛ ብል በዚያ ሰመር ከገበያ ጠፍታለች፤ ሁሉም እንደኔ አስቧል። ቦርሳዬን ተሸክሜ ተራመድኩ፣ ዛሬም እራመዳለሁ፣ ጉልበት ያለው ሰው ካርት ባይከራይ ደስ ይለኛል።

ጉድጓዱ ላይ የተተከለውን ባንዲራ መንካት ክልክል ነው። ኳስ ለማውጣት እጅ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባም ሁለት ብልሃት ተፈጠረ። አንዳንዱ ሜዳ ልጆች ዋና ሲለማመዱ የሚንሳፈፉበትን ባለ ቀለም የስፖንጅ ዘንግ ቆርጦ ጉድጓዱ ውስጥ ይከታል። ኳሷ ትንሽ ትገባና ትቆማለች፣ በጣት ጫፍ ታነሷታላችሁ። ይሄ መልካም ነው። የኛው ሜዳ ግን የጉድጓዱን የውስጥ ጣሳ ከፍ አድርጎ ከሳሩ በላይ አወጣው። ኳሷ ጣሳውን «ቋ» ካደረገች ገባች ተብሎ ይቆጠራል።

በትክክለኛው ሕግ ገባች የሚባለው ኳሷ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከግሪኑ (ጉድጓዱ ዙሪያ ካለው አጭር ሳር) ወለል ዝቅ ብላ ስታርፍ ነው። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ግን ያኔ ለጊዜው ላላ አለ። ኳሷ ባትገባም ለሃንዲካፕ (የተጫዋች ችሎታ ለሚለካበት ቁጥር) ነጥባችሁን መዝግቡ፣ ልታገኙት ትችሉ የነበረውን ገምታችሁ ጻፉ አለ። ገምታችሁ! ይህን ለአበሻ ተናግሮ መሄድ አለ? ጋሼ ግሪኑ ላይ ጥይት የመሰለ ፑት (ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልል ምት) ይመታሉ፣ ኳሷ ጣሳውን አንቀጫቅጫው ከግሪኑ ወጥታ ቁልቁል ትነጉዳለች፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ላይ።

«ገባች!»

«ጋሼ፣ ኳሷ እኮ አሸዋው ውስጥ ናት።»

«ደንቡ ምን ይላል?»

ደንቡ ገባች ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቶ ምት በታች የተጫወትኩት በዚያ ሰመር ነው (በጎልፍ ያነሰ ይሻላል)፣ እኮራበታለሁ። «በጣሳ ነው እኮ» የሚለኝ ካለ አልሰማውም።

አሸዋው የሚስተካከልበት ሬክም ተነሳ፣ በጫማ አስተካክሉ ተባለ። የኳስ ማጠቢያው ተሸፈነ። የመጠጥ ውኃው ተወሰደ፣ ያውም በሜሪላንድ ሐምሌ፣ አየሩ ራሱ በሚያልብበት። በኋላ፣ ኤፕሪል 2021 ላይ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ሲዲሲ ዕቃ ነክቶ በቫይረሱ የመያዝ ዕድል በጥቅሉ ከ10,000 አንድ በታች ነው ብሎ አወጣ። ያኔ ግን ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ለሬኩም ለባንዲራውም ማንንም አልወቅስም። ፈርተን ነበር። እኔም አፕል በሳሙና አጥቤያለሁ።

የምወቅሰው ሌላ ነገር አለ።

ጋሼ እንደሚሉት ድሮ ቦታ ማግኘት ማለት መሄድ ነው። ብቻህን ትሄዳለህ፣ መጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ተጫዋቾችን በተራ ለሚያስገባው ስታርተር ስምህን ትነግራለህ፣ ሦስት ሆነው የመጡ ሲገኙ ይደባልቅሃል። እሳቸው ግማሽ ጓደኞቻቸውን ያገኙት እንዲህ ነው። በኮሮና ይሄ ቆመ። በድረ ገጽ ብቻ ያዙ። የአራቱንም ሰው ስም፣ ኢሜይልና ስልክ አስገቡ። ሙሉውን አሁን በካርድ ክፈሉ። ከሰዓታችሁ ከ15 ደቂቃ በላይ ቀድማችሁ አትድረሱ። ስትደርሱ ከመኪና አትውረዱ፣ ደውላችሁ መድረሳችሁን አሳውቁ። ገንዘብ አይመለስም።

ጁን ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ለጋሼ፣ ለሁለት ጓደኞቼና ለራሴ ያዝኩ። ማያ ገጹ ላይ አፍጥጬ፣ ሌሊት ቦታው የሚለቀቅበትን ሰዓት ጠብቄ፣ ሁለት መቶ ዶላር ግድም ከፍዬ። በሰዓቱ ደረስን። ከመኪና ሳልወርድ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደገምኩ። ይጠራል። ጓደኞቼም ከየመኪናቸው ይደውላሉ፣ በመስኮት ተያይተን ትከሻ እንነቀንቃለን። ሰዓቱ እየደረሰ ሲመጣ ማስኬን አድርጌ ወረድኩና ወደ ሱቁ መስኮት ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ እዚህ አትምጡ፣ ይደውሉ። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ወጣት ተቀምጧል፣ ማስኩ አገጩ ላይ፣ በራሱ ሞባይል እያወራ። ጠረጴዛው ላይ የቢሮው ስልክ አለ። ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። በእጄ ያለው ስልክ ይጠራል፣ ያቺ መብራት ብልጭ ትላለች። ዘጋሁት፣ ቆመች። መልሼ ደወልኩ፣ በራች። ሞባይሌን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አሳየሁት፤ እኔ ነኝ፣ ይሄ እኔ ነኝ! ልጁ አየኝ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ በጣቱ ወረቀቱን ጠቆመኝ።

ስታርተሩ ጋ ስንሮጥ ስማችን ላይ ተሰርዞበታል። «መድረሳችሁ አልተመዘገበም፣ ሰዓታችሁ አልፏል።» የቆምነው ፊቱ ነው። አራታችንም። ስልኩ አይነሳም አልነው። ሱቁን አነጋግሩ አለን። ሱቁ ደውሉ ይላል አልነው። «እንግዲህ ደንቡ እሱ ነው» ብሎ በእኛ ቦታ ሌሎች አራት ሰዎች አስገባ። ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩም። መኪናው ጋ ተመልሰው ለምሳ የያዝነውን ድፎ ዳቦ ኮፈኑ ላይ ዘርግተው ይቆርሱ ጀመር። እኔ ግን ምግብ አልወርድ አለኝ።

ገንዘቤን ልጠይቅ ኢሜይል ጻፍኩ። «ከኮቪድ ደኅንነት ፖሊሲያችን አንጻር ክፍያ አይመለስም» የሚል መልስ መጣ። ገንዘብ አለመመለስ ከማን ሳንባ ጋር እንደሚገናኝ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። እንደገና ስጽፍ ክሬዲት ሰጡኝ፣ በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በእኔ ስም ብቻ፣ ክረምቱ ሳይገባ የሚያልቅ። ካውንቲው በዙም ሕዝባዊ ስብሰባ ሲጠራ ተመዘገብኩ። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ። የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ድምፄ ተዘግቶ ተናገርኩ። የቀረውን ሰሙኝ፣ ወይም ፊታቸው እዚያ ነበር፣ ከዚያ ሰብሳቢዋ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብላ ስለ ውሻ መናፈሻ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። በመጨረሻ ባንኬ ጋ ከሰስኩ፣ ባንኩ ገንዘቡን መለሰልኝ። ሜዳው ደግሞ አካውንቴን ዘጋው። እስከ ዛሬ እዚያ የምጫወተው በባለቤቴ ስም ነው። ስታርተሩ የሴት ስም ይጠራል፣ እኔ ከነጢሜ ብቅ እላለሁ።

እሺ፣ ወረርሽኝ ነበር፣ ሁሉም ግራ ተጋብቶ ነበር። በዚያ ዓመት አገሬው በሙሉ ወደ ጎልፍ ጎረፈ፤ የብሔራዊ ጎልፍ ፋውንዴሽን ቆጠራ እንደሚለው፣ ሜዳዎች በጸደይ ተዘግተውም፣ የተጫወተው ዙር ከ2019 በ14 በመቶ ገደማ በልጧል። ስልኩ ቢጨናነቅ አይገርምም። የሚያበሳጨኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ስፖንጁ ወጣ። ጣሳው ወደ ቦታው ወረደ። ሬኩ ተመለሰ። ካርት ላይ ሁለት ሰው ተቀመጠ። የቅድሚያ ክፍያው፣ የማይመለሰው ገንዘብና የማይነሳው ስልክ ግን እዚያው ናቸው፣ እንዲያውም በላዩ ላይ «የአገልግሎት» የምትባል ጭማሪ መጥታለች።

እኛ የወደድናት አንዲት ደንብ ደግሞ ቀድማ ነው የተሰረዘችው። በኮሮና ጊዜ በአንዱ ቡድንና በሚከተለው መሀል ያለው ልዩነት ሰፍቶ ነበር፤ የኛ ሜዳ 15 ደቂቃ አደረገው። ገነት ነበር። ከኋላህ የሚጮህ የለም፣ ከፊትህ የሚጠበቅ የለም፣ ጀማሪ እንኳ ሳይሸማቀቅ ይመታል። አሁን ወደ 8 ደቂቃ ወርዷል። በሰዓት ብዙ ሰው ማስገባት ብዙ ብር ነው፣ ገብቶኛል። ግን አታለባብሱት።

የኛ ሜዳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሎስ አንጀለስ በ2024 ደላሎች የከተማዋን ሜዳዎች ሰዓት በድረ ገጹ እየጠራረጉ በትርፍ ይሸጣሉ የሚል ጩኸት ተነስቶ፣ ከተማዋ ለአንድ ሰው የማይመለስ 10 ዶላር ማስያዣ እስከ ማስከፈል ደረሰች። ስምህን ለሰው ብትነግር ኖሮ ደላላ ከየት ይገባል?

ስለዚህ ልጆች፣ ለጥያቄያችሁ፦ ድረ ገጹ ከሳምንት በፊት ሌሊት ተነሥታችሁ ያዙ ይላችኋል። አትነሡ። መሰረዣ ሰዓቱ ሊያልፍ ሲል፣ ብዙ ቦታ ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት ነው፣ ቅጣት የፈሩት ይለቃሉ። ያኔ ግቡ። ለአራት ሰው አትፈልጉ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ያዙ፣ ሁለት ሰው የምትበቃ ክፍተት አትጠፋም። የከፈላችሁበትንም የደወላችሁበትንም ስክሪንሹት አንሱ። በዴቢት ካርድ አትክፈሉ፣ በክሬዲት ካርድ ሲሆን ክርክሩ ይቀላል። አትቅደሙ ካሏችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። ስልክ ካልተነሳ ወረቀቱን አታንብቡ፣ መስታወቱን አንኳኩ።

ሜዳ ስትመርጡ ደግሞ ስለ ሳሩ ወይም ስለ ክለብ ሀውሱ አይደለም መጠየቅ ያለባችሁ። በቡድንና በቡድን መሀል ስንት ደቂቃ አለ በሉ። አሥርና ከዚያ በላይ ካሉ፣ ራቅ ቢልም እሱን ያዙ፣ እኔንም ጥሩኝ። ጋሼም ይመጣሉ፣ እሳቸው በድረ ገጽ አይከፍሉም፣ የእሳቸውን እናንተ ያዙላቸው፣ ብሩን እጃችሁ ላይ ይቆጥሩላችኋል።