ሁለተኛው የኤርብረሽ መርጫ ሳጥኔ፦ የአየሩን መንገድ ለማስተካከል ያደረግሁት ሙከራ

በኤርብረሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ የእጅ መሣሪያ፣ ሞዴል ስቀባ ብናኙንና ሽታውን በፋን ስቦ የሚያስወጣልኝን የመጀመሪያውን የቀለም መርጫ ሳጥን ሠርቼ በተጠቀምሁባቸው ሰባት ወራት ውስጥ አንድም ቀን ጥርጣሬ አላደረብኝም ነበር። ፋኖቹ ይጮኻሉ፣ ማጣሪያው ቀለም ይይዛል፣ ሽታውም በክፍሉ መሀል እረጭ ከነበረበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር የቀነሰ ይመስለኝ ነበር። አንድ የአውሮፕላን ሞዴል በደማቅ ቀይ ከቀባሁ በኋላ ግን፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የመጽሐፍ መደርደሪያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ስጠርግ ጨርቁ ቀላ። ብናኙ በመደርደሪያው ላይ ብቻ ሳይሆን በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይም አርፎ ነበር። እዚያ ድረስ የሄደ ብናኝ፣ ከሳጥኑ ፊት ተቀምጬ የምተነፍሰውን እኔን ዘሎ ሊያልፍ እንደማይችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረግሁትን፣ የለካሁትንና ያረምሁትን እዚህ አሰፍራለሁ፤ ተመሳሳይ ሳጥን ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ ከእኔ በተሻለ ቦታ ላይ ሆናችሁ እንድትጀምሩ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ሳጥን ከትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጫ የተሠራ ሲሆን፣ ከጀርባው 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የኮምፒውተር ፋኖች ነበሩት። በእያንዳንዱ ፋን ካርቶን ላይ በሰዓት 120 ሜትር ኪዩብ አየር እንደሚያንቀሳቅስ ተጽፎ ስለነበር፣ ሁለቱን ደምሬ 240 አገኘሁና ለአንድ ትንሽ ሳጥን ይበቃል ብዬ ደመደምሁ። ስሕተቴ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የሳጥኑ አፍ ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ አስቀድሜ አለማስላቴ ነው። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ፋኑ ከፊቱም ከኋላውም ምንም ነገር ሳይጋረጥበት በነጻ አየር ሲሽከረከር የሚሰጠው መጠን መሆኑን አለማወቄ ነው። ማጣሪያና ረዥም ቱቦ የተገጠመለት ፋን ያንን ቁጥር ፈጽሞ አይደርስበትም፤ የኮምፒውተር ፋን ደግሞ ተቃውሞን አሸንፎ አየር የመግፋት አቅሙ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ከሁሉም ይበልጥ ይወድቃል። በኋላ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ አግኝቼ የሳጥኑን አፍ ስለካ ያነበብሁት 0.08 ሜትር በሰከንድ ነበር። ይህ ሰው በእጁ እንኳ የማይሰማው እንቅስቃሴ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በቀለም መርጫ ቦታዎች ዘንድ የተለመደው መነሻ፣ አየሩ በሳጥኑ አፍ በኩል በደቂቃ 100 ጫማ ማለትም በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል እየተጓዘ እንዲገባ ነው። የእኔ ሳጥን አፍ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድና 45 ሴንቲ ሜትር ቁመት ስላለው የቆዳ ስፋቱ 0.27 ሜትር ካሬ ይሆናል። ይህ በ0.5 ሲባዛ በሰከንድ 0.135 ሜትር ኪዩብ፣ በሰዓት ደግሞ 486 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። እንግዲህ እነዚያ ሁለት ፋኖች ማጣሪያም ቱቦም ባይኖራቸው ኖሮ እንኳ የሚፈለገውን ግማሽ ብቻ ነበር የሚያሟሉት። ሳጥኑን ማሳነስ ፋን ከማሳደግ የሚቀልበት ጊዜ እንዳለም ከዚሁ ስሌት ማየት ይቻላል፤ ትንንሽ ሞዴሎችን ብቻ የሚቀባ ሰው አፉን 40 በ35 ቢያደርገው የሚያስፈልገው አየር ከግማሽ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል።

ሁለተኛውን ሳጥን 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ፕላይውድ ሠራሁት፤ ውስጡንም በቀላሉ እንዲጠረግ በነጭ የዘይት ቀለም ቀባሁት። ስለ እንጨት ሥራው ብዙ የምለው የለኝም፤ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው፤ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሲሊከን መደፈናቸው ብቻ ነው ዋናው ነገር። ጊዜዬን የወሰደው ፋኑና ቱቦው ነበር። ለፋኑ የመረጥሁት የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ቤት ያለውን ሴንትሪፉጋል ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ፋን አየሩን በመሀል ስቦ በጎን በኩል ስለሚተፋው ማጣሪያና ቱቦ ሲጋረጡበት ጉልበቱ በቀላሉ አይሸነፍም። ካርቶኑ ላይ በሰዓት 680 ሜትር ኪዩብ ይላል። ከስሌቴ በላይ የሆነውን ሆን ብዬ የወሰድሁት የሚጠፋውን አስቀድሜ በመገመት ነው።

የቱቦውን ጉዳይ ብዙ ሰው ስለሚንቀው ጥቂት ልቆይበት። ቀድሞ የነበረኝ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ነበር። የምፈልገውን 0.135 ሜትር ኪዩብ አየር በዚያ ቱቦ ለማሳለፍ አየሩ በሰከንድ 17 ሜትር መሮጥ ይኖርበታል። በ15 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ግን ፍጥነቱ 7.6 ሜትር ብቻ ነው። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ በአምስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ምክንያት ፋኑ ላይ የሚወድቀው ሸክም ከአምስት እጥፍ በላይ ይለያያል። ተጣጣፊ ቱቦ ደግሞ ሳይወጠር ተጨማድዶ ሲተው በውስጡ የሚፈጠሩት እጥፋቶች አየሩን ይዘው ያንገላቱታል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ለስላሳ ግድግዳ ያለው የቆርቆሮ ቱቦ ተጠቅሜ፣ ለንዝረት ማብረጃ ብቻ ግማሽ ሜትር ተጣጣፊ ቱቦ ወጥሬ አስገባሁ። መጋጠሚያዎቹን የጠቀለልሁት በአሉሚኒየም ፕላስተር ነው፤ የጨርቅ ፕላስተር ማጣበቂያው ከጊዜ በኋላ ደርቆ ስለሚለቅ ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

አሁን ወደ ልኬቱ ልመለስ። ሁሉንም ገጣጥሜ ፋኑን ባስነሣሁበት የመጀመሪያ ቀን በሳጥኑ አፍ የሚገባው አየር አማካይ ፍጥነት 0.34 ሜትር በሰከንድ ነበር፤ በጣም አዘንሁ። ፋኑን ወቀስሁ፣ ማጣሪያውን አውጥቼ መልሼ አስገባሁ፣ ለውጡ ትንሽ ነበር። መፍትሔውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው፤ ውኃ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ የክፍሉ በር ከወትሮው ይልቅ እየከበደ ተከፈተልኝ፣ ስለቀውም ማንም ሳይነካው ተስቦ ተዘጋ። ፋኑ ከክፍሉ የሚያወጣውን ያህል አየር የሚገባበት ቀዳዳ ስላልነበረ ሳጥኑ ክፍሉን ራሱን እየመጠጠ ነበር። በሩን በስንጥር ገርበብ አድርጌ ብለካ ቁጥሩ 0.41 ሆነ። ከሳጥኑ አጠገብ ያለውን መስኮት ለመክፈትም ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን የሳጥኑ ቱቦ በዚያው ግድግዳ በኩል ስለሚወጣ የተጣለው አየር ዞሮ ተመልሶ ገባ፣ ክፍሉም ሸተተ። የሚገባው አየር ከጀርባዬ፣ ከሳጥኑ በተቃራኒ አቅጣጫ መምጣት አለበት። ከዚያ የተጠማዘዘውን መንገድ ቀይሬ ሁለት የነበሩትን ጎሚቶዎች (የቱቦ ማጠፊያዎች) ወደ አንድ ዝቅ አድርጌ፣ ቱቦውን ከሦስት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ከሃያ አሳጠርሁት፤ 0.47 አነበብሁ። ቀሪዎቹን ስንጥቆች በሰንደል ጭስ እየፈለግሁ በሲሊከን ስደፍን 0.50 ደረሰ። ፋኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያው ነበር፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

አማካይ ቁጥር ግን ያታልላል። የሳጥኑን አፍ በክር ዘጠኝ ቦታ ከፍዬ እያንዳንዱን ስለካ፣ መሀሉ 0.9 ሲሆን የታችኛው ግራ ማዕዘን 0.15 ብቻ ነበር። ምክንያቱ ማጣሪያው በቀጥታ በፋኑ ቀዳዳ ላይ መለጠፉ ነው፤ ፋኑ ፊት ለፊቱ ያለውን እየሳበ ማዕዘኖቹን ይረሳቸዋል። ማጣሪያውን ወደ ፊት አምጥቼ ከኋላው 10 ሴንቲ ሜትር ባዶ ክፍተት ተውሁ፤ በክፍተቱም ውስጥ ከፋኑ ቀዳዳ ፊት ለፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጌ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ እንደ ጋሻ አቆምሁ። አየሩ በቀጥታ መግባት ስለተከለከለ በጋሻው ዙሪያ ለመዞር ይገደዳል፣ በዚህም ማዕዘኖቹ ይሳባሉ። አሁን ዘጠኙ ቦታዎች ከ0.44 እስከ 0.56 ባለው ውስጥ ናቸው። ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ የምወደው ይህን ጣውላ ነው። ሰንደል ለኩሼ በታችኛው ማዕዘን ስይዘው ጭሱ ቀና ብሎ ለመነሣት ጊዜ ሳያገኝ እንደ ክር ተዘርግቶ ወደ ማጣሪያው ሲሄድ ማየት ልብ ያረካል። ይህን ሙከራ የማደርገው ሳጥኑ ውስጥም አካባቢውም ምንም ቲነር በሌለበት ጊዜ ብቻ ነው።

ቲነርን ካነሣሁ ስለ እሳት ልናገር። በአብዛኛው የምረጨው በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቢሆንም፣ አልፎ አልፎ ላከር ፕራይመር፣ ማለትም በቲነር የሚቀጥን የመነሻ ቀለም፣ እጠቀማለሁ። ከማቅጠኛዎቹ አንዱ የሆነው አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት የሚሰጥ ፈሳሽ ነው፤ አይሶፕሮፒል አልኮልም በተለመደው የክፍል ሙቀት ይህንኑ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ከአየሩ መንገድ ውጪ የተቀመጠና የካርቦን ብሩሽ (እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቁራጭ) የሌለው ኢንዳክሽን ሞተር ያለው ፋን መረጥሁ፤ በካርቦን ብሩሽ የሚሠራ ሞተር ሲሽከረከር ብልጭታ ስለሚፈጥር በትነት መሀል ሊቀመጥ አይገባውም። ማብሪያ ማጥፊያውንም ከሳጥኑ ራቅ አድርጌ ግድግዳ ላይ አደረግሁት፤ የቆርቆሮ ቱቦውንም ከመሬት ሽቦ ጋር አገናኘሁ። ኤልኢዲ መብራቱ የሚያበራው ከሳጥኑ ጣሪያ በላይ በተገጠመ መስታወት በኩል ነው። በጣሳ የሚመጣ ስፕሬይ ግን እዚህ ውስጥ አልጠቀምም፤ ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ ብዙ ጊዜ ራሱ ተቀጣጣይ ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚወጣውም መጠን ከኤርብረሽ ጋር አይወዳደርም።

ማጣሪያው የሚይዘው ብናኙን እንጂ ትነቱን አለመሆኑን አጥብቄ ላሳስብ እወዳለሁ። ቱቦ ሳያወጡ አየሩን በማጣሪያ አሳልፈው ወደ ክፍሉ የሚመልሱ ሳጥኖች ለላከርና ለኢናሜል (የዘይት ቀለም) አይሆኑም፤ በውስጣቸው ያለው ስስ የካርቦን ንጣፍም ቶሎ ይሞላል። ሳጥኑ ጥሩ ስለሆነ ጭምብል አያስፈልግም የሚለውን ሐሳብም አልቀበለውም። ለላከር የምጠቀመው የትነትና የብናኝ ማጣሪያ በአንድነት ያለውን ጭምብል ነው፤ በለበስሁት ቁጥር የአየር ማስገቢያዎቹን በመዳፌ ደፍኜ ወደ ውስጥ እተነፍሳለሁ፣ ጭምብሉ ፊቴ ላይ ካልተጣበቀ እንደገና አጠብቃለሁ። ጢም ያለው ሰው ይህ ሙከራ አይሳካለትም። ሁለት ክፍል ያለው የፖሊዩሪቴን ቬርኒሽ ግን ከናካቴው ትቼዋለሁ፤ በማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አስም ሊያስከትል የሚችልና አደገኛ መጠን ላይ ሲደርስ እንኳ በጠረኑ የማያስጠነቅቅ በመሆኑ የቤት ሳጥን ሊሸከመው የሚገባ ነገር አይደለም። አክሪሊክም ቢሆን በጉም መልክ ሲተነፈስ ንጹሕ አይደለም፤ በተለይ ካድሚየም የተባለው መርዛማ ብረት ያለባቸው ቀለሞች በብሩሽ እንጂ በመርጫ መቀባት የለባቸውም።

ሳጥኑ ከተስተካከለ በኋላ የአረጫጨቴንም ልማድ መለወጥ ነበረብኝ። ኤርብረሹ የሚተፋው አየር በደቂቃ ቢበዛ ጥቂት አሥርት ሊትሮች ሲሆን ሳጥኑ የሚስበው ከ8,000 ሊትር በላይ ነው፤ ሆኖም ከመርጫው ጫፍ የሚወጣው አየር እጅግ ፈጣን በመሆኑ ሞዴሉን መትቶ ወደ ፊቴ ሊነጥር ይችላል። ግፊቱን ከ25 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ወደ 16 ዝቅ አድርጌ፣ ቀለሙን ጥቂት አቅጥኜ፣ ሞዴሉን ከአፉ ወደ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል በመዞሪያ ላይ አስቀምጬ፣ ምንጊዜም ወደ ማጣሪያው ፊት አዙሬ እረጫለሁ። ከሳጥኑ ጠርዝ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነጭ ወረቀት ለጥፌ አንድ ሙሉ ሥራ ስጨርስ ወረቀቱ ላይ ምንም አላገኘሁም፤ በ25 ፒኤስአይ ግን በዚያው ወረቀት ላይ የተበተኑ ነጥቦች ነበሩ።

አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የሳጥኑን አፍ መሀል ለክቼ በደብተር እመዘግባለሁ። አዲስ ማጣሪያ ሲገባ 0.50 የነበረው በሦስተኛው ሳምንት 0.43፣ በአራተኛው 0.39 ሆኗል፤ ከ0.40 ሲወርድ ማጣሪያውን እቀይራለሁ። በደረቀ ላከር የተሞላ ማጣሪያ ቶሎ ስለሚነድ አውጥቼ በውኃ አርሼ ከቤት ውጪ አስወግደዋለሁ። ሥራ ስጨርስም ፋኑ ለ15 ደቂቃ እንዲቀጥል እተወዋለሁ፤ የተቀባው ሞዴል በዚያ ጊዜ ውስጥ ገና እየተነነ ነውና። የቀረኝ አንድ ችግር አለ፦ ውጪ ኃይለኛ ነፋስ ሲነፍስ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው መዝጊያ ክፍት ሆኖ ይያዝና አየሩ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በቀላል የአሉሚኒየም ንጣፍ የሠራሁትን ሌላ መዝጊያ በሚቀጥለው ሳምንት እገጥመዋለሁ፤ ነፋስ ባለበትና በሌለበት ቀን የሚገኙትን ሁለት ልኬቶችም ጨምሬ እጽፋለሁ።